ለትንሽ ጀልባ ራዳር ይሻላል ወይስ ኤአይኤስ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ ሰላም ነዎት? የምኖረው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ታናሽ ወንድሜ ጅቡቲ ጀልባ ይነዳል። አምና ገንዘብ አዋጥተን 8 ሜትር የሆነች የፋይበርግላስ ጀልባ ገዛን። ሁለት ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። ቀን ቀን ሰው ወደ ሙሻ ደሴት ያመላልስባታል፣ ሌሊት ዓሣ ያጠምድባታል። አንዳንዴም እስከ ኦቦክ ይሄዳል። በቅርቡ ሌሊት አንድ ትልቅ የኮንቴይነር መርከብ አጠገቡ አልፎ ሊገለብጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግጭት የሚከላከል መሣሪያ ልገዛለት ፈልጌ አንዱ ራዳር ግዢ ይለኛል፣ አንዱ ኤአይኤስ ይበቃል ይላል። ታይዋን ገበያ ያለ ልጅ ደግሞ የስልክ አፕ እጭንልሻለሁ ብሎኛል። እጄ ላይ ያለው ወደ 1,500 ዶላር ነው። ዱባይ የምትመላለስ ጓደኛ አለችኝ፤ ዕቃውን በሷ በኩል ወደ ድሬ ላስመጣው? ምን ይሉኛል?»

እህቴ፣ ወንድምሽ እንኳን ተረፈ። ጥያቄሽን ሳነብ ደስ ያለኝ ነገር አለ። የጀልባዋን ርዝመት፣ ሞተሯን፣ የምትሄድበትን ቦታና ያለሽን ገንዘብ ለይተሽ ነግረሽኛል። ብዙ ሰው «ጥሩ ዕቃ የቱ ነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቅና መልስ ይጠብቃል። እኔ መርከብ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ስሠራ ኖሬ ነው ድሬ የተመለስኩት። እዚህ ባሕር የለም፣ ግን ስለ ባሕር የሚጠይቀኝ ሰው ከምታስቢው በላይ ነው። ግማሹ ድሬ ጅቡቲ ዘመድ አለው።

መልሱን አላንዛዛም። በ1,500 ዶላር ራዳር አትግዢ። አፑን እርሺው። የምትገዢው የሚቀበል ብቻ ሳይሆን የሚያስተላልፍም ኤአይኤስ ነው፤ ኤአይኤስ መርከቦች ያሉበትን ቦታ እርስ በርስ በሬዲዮ የሚነጋገሩበት መሣሪያ ነው። በተረፈው ገንዘብ ጀልባዋ ላይ የሚገጠም፣ ከመርከቦች ጋር በድምፅ የሚነጋገሩበት ቪኤችኤፍ ሬዲዮ፣ ደህና አንቴናና ደህና መብራት ጨምሪበት። ራዳር ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ትንሽ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ትልቁን መርከብ ማየቱ አይቸግረውም። የሚቸግረው መርከቡ እሱን አለማየቱ ነው። ከጅቡቲ በሚመጣ ከባድ መኪና ፊት በጨለማ ያለ መብራት የምትሄድ ባጃጅ አስቢ። ባጃጁ መኪናውን በደንብ ያየዋል። ምን ይጠቅመዋል?

መርከቡ ላይ ያለውን ሰው ሁኔታ ልንገርሽ። ሌሊት መሪ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ነው ያለው፣ ተረኛው መኮንንና አንድ ጠባቂ። መስኮቱ ከባሕሩ ብዙ ከፍ ያለ ነው። ከፊቱ ኮንቴይነር ተደርድሯል። ዓለም አቀፉ ደንብ ራሱ ከመርከቡ አፍንጫ ፊት ለፊት የማይታይ ቦታ እንዲኖር ይፈቅዳል፤ ልኩ የመርከቡ ርዝመት ሁለት እጥፍ ወይም 500 ሜትር ነው፣ ከሁለቱ ያነሰው። ወንድምሽ እዚያ ውስጥ ከገባ ለዚያ መኮንን የለም ማለት ነው።

«ራዳር አላቸው አይደል?» ትይኝ ይሆናል። አላቸው። ግን ራዳር የሚያየው በተለይ ከብረት ላይ ነጥሮ የሚመለስለትን ሞገድ ነው። ፋይበርግላስ ሞገዱን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። በወንድምሽ ጀልባ ላይ ለራዳር የሚታይ ነገር ቢኖር ሁለቱ ሞተሮች ናቸው፤ እነሱም ውኃው ላይ ዝቅ ብለው ነው ያሉት። ባሕሩ ትንሽ ሲነሳ ማዕበሉ ራሱ ስክሪኑን በነጠብጣብ ይሞላዋል። መኮንኑ ነጠብጣቡን ለማጥፋት ማጣሪያውን ከፍ ያደርጋል። ጀልባዋም ከማዕበሉ ጋር አብራ ትጠፋለች።

ይሄ በግምት የማወራው አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 እንግሊዝ አገር፣ ዋይት ደሴት አጠገብ ኡዞ የምትባል ትንሽ የፋይበርግላስ የሸራ ጀልባ ሌሊት ጠፍታ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ርዝመቷ ከወንድምሽ ጀልባ ያነሰ ነበር። የአገሩ የባሕር አደጋ መርማሪዎች አንድ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ገጭቷት ወይም በማዕበሉ አስጥሟት ሊሆን እንደሚችል ደመደሙ። የራዳር አንጸባራቂ፣ ማለትም የራዳሩን ሞገድ የሚመልስ ከፍ ብሎ የሚሰቀል ዕቃ፣ ነበራት። ግን ዓይነቱ ደካማ ነበርና መርከቡ ራዳር ላይ ሳትታይ እንደቀረች ነው የሚታመነው። ወደ አንጸባራቂው ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ደግሞ ሰዓቱን እናስላው። መርከቡ በ18 ኖት ይምጣ፣ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ነው። ወንድምሽ በ12 ኖት ይሂድ፣ 22 ኪሎ ሜትር። ፊት ለፊት ከሆኑ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ይቀራረባሉ። በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ደንቡ ከ12 ሜትር ለሚያንስ ጀልባ የሚጠይቀው ነጭ መብራት ከ2 የባሕር ማይል፣ ማለትም ከ3.7 ኪሎ ሜትር ላይ የሚታይ ነው። አየሩ ንጹሕ ሆኖ፣ ጠባቂውም እዚያው ላይ አፍጥጦ ቢጠብቅ፣ ያለው ጊዜ 4 ደቂቃ ነው። መርከብ ደግሞ ፍሬን የለውም። ዓለም አቀፉ መለኪያ መርከብ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ አዙሮ ሲያቆም እስከ 15 እጥፍ ርዝመቱ ድረስ እንዲንሸራተት ይፈቅድለታል። 300 ሜትር ለሆነ መርከብ 4.5 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አየሽ፣ በመብራት ብቻ ሒሳቡ አይሞላም።

ኤአይኤስ ይሄን ጊዜ ነው የሚያረዝመው። መሣሪያው ጂፒኤስና ሬዲዮ በአንድ ላይ ነው። «እኔ እገሌ ነኝ፣ እዚህ ነኝ፣ ወደዚህ እየሄድኩ ነው፣ ፍጥነቴ ይሄን ያህል ነው» እያለ በ161.975 እና በ162.025 ሜጋኸርዝ ያለማቋረጥ ይናገራል። የሌሎቹንም ይሰማል። በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያለ 300 ጠቅላላ ቶን እና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ሁሉ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ዶራሌ ወደብ የሚገባው የኮንቴይነር መርከብ አለው ማለት ነው። ሬዲዮው የሚደርሰው እንደ አንቴናው ከፍታ ነው። የወንድምሽ አንቴና 4 ሜትር፣ የመርከቡ 25 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ስሌቱ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ከዚያ ላይ ግማሹን ለኬብልና ለደካማ ኃይል ቀንሺለት። የቀረው 14 ኪሎ ሜትር እንኳ ከሩብ ሰዓት በላይ ነው። ከ4 ደቂቃ ጋር አወዳድሪው።

መሣሪያው ራሱ «በዚህ ፍጥነት ከቀጠላችሁ ከ11 ደቂቃ በኋላ በ90 ሜትር ርቀት ትተላለፋላችሁ» ብሎ አስልቶ ይነግራል፣ ከዚያ ይጮሃል። ወንድምሽ ማድረግ ያለበት መሪውን ቀደም ብሎ ማዞር ብቻ ነው።

አሁን ምርጫው ላይ እንግባ፤ ሻጮች ሰውን የሚያደናግሩት እዚህ ጋ ነው።

ርካሹ ኤአይኤስ ተቀባይ ብቻ ነው። መርከቦችን ያሳይሻል፣ አንቺን ለማንም አያሳይም። ዋጋው ደስ ይላል፣ ግን የወንድምሽን ችግር በግማሽ ብቻ ነው የሚፈታው። እለፊው።

የሚያስተላልፈው ሁለት ዓይነት አለው። ትልልቆቹ መርከቦች የሚገጥሙት ክፍል ኤ ይባላል፤ 12.5 ዋት ነው፣ ውድ ነው፣ ላንቺ አይሆንም። ለጀልባ የተሠራው ክፍል ቢ ነው። ክፍል ቢ ራሱ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛው በ2 ዋት ያስተላልፋል፤ ከ2 ኖት በላይ እየሄደች ከሆነ በየ30 ሰከንዱ ቦታዋን ይናገራል። ከመናገሩ በፊት አየሩ ክፍት መሆኑን አዳምጦ ነው፤ ካልተከፈተለት ይጠብቃል። ሁለተኛው 5 ዋት ነው፣ ተራውን አስቀድሞ ይይዛል፣ ፍጥነት ሲጨምር እሱም ቶሎ ቶሎ ይናገራል። ከ14 ኖት በላይ በየ15 ሰከንዱ፣ ከ23 ኖት በላይ በየ5 ሰከንዱ።

ልዩነቱ ላንቺ ምን ያህል ነው? ሰው ጭኖ ወደ ሙሻ በ20 ኖት ሲበር በ30 ሰከንድ ውስጥ 300 ሜትር ይሄዳል። በሁለተኛው ዓይነት በየ150 ሜትሩ ያህል ይታደሳል። ሌሊት ዓሣ ሲያጠምድ ግን ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ከሁለቱ አንዱም አይበልጥም። የሚያስፈራሽም ሌሊቱ ነው። ስለዚህ 5 ዋቱ ይሻላል፣ ግን ለሱ ብለሽ ሌላውን ነገር አታጉድዪ።

እኔ ከዋቱ ይልቅ ስክሪኑን ነው የማየው። ብዙዎቹ ትራንስፖንደሮች፣ ማለትም የሚያስተላልፉት ኤአይኤሶች፣ ጥቁር ሳጥን ብቻ ናቸው። ጋርሚን ኤአይኤስ 800ን ብትወስጂ 5 ዋት ነው፣ አንዱን አንቴና ከሬዲዮው ጋር የሚያካፍል መክፈያም ውስጡ አለው፣ ጎበዝ ዕቃ ነው፤ ግን የሚያሳይበት ሌላ ስክሪን ይፈልጋል። አይኮም ኤምኤ-510ቲአር ደግሞ 2 ዋት ነው፣ ስክሪኑ ግን ከራሱ ጋር ነው። ወንድምሽ ጀልባዋ ላይ ሌላ ስክሪን እንዳለው አልነገርሽኝም። ከሌለው እኔ ስክሪን ያለውን ዓይነት እመርጥለታለሁ። በዋይፋይ ከስልክ ጋር የሚያያዙም አሉ። ስልክ በእርጥብ ጣት አይታዘዝም፣ በጅቡቲ ፀሐይ ይግልና ይጠፋል፣ ሌሊት ደግሞ ሰው ይደውላል። እንደ ተጨማሪ ጥሩ ነው፤ ብቸኛ ዓይን ሲሆን ግን አልወደውም። የክፍል ቢ ዋጋ እንደ ዓይነቱና እንደ ሻጩ ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ባለው መካከል ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጣም ርካሽ፣ ቱቦ የሚመስል፣ «ኤአይኤስ» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ካየሽ እሱ የዓሣ መረብ ምልክት ነው። መረቡ ላይ ታስሮ የሚንሳፈፍ ነው። የፈጠራ መለያ ቁጥር ያስተላልፋል፣ ብዙ አገር ውስጥም የተከለከለ ነው። የሌሎችን መርከቦች ቦታ አይቀበልም። መኮንኑም ስክሪኑ ላይ ሲያየው «መረብ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሰው ያለበት ጀልባ አይመስለውም።

ወደ ታይዋኑ ልጅ ልምጣ። ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ አፑ ላይ መርከቦቹ እውነትም ይታያሉ። ግን የሚታየው መረጃ የብስ ላይ ያለ ተቀባይ ሰምቶት፣ በኢንተርኔት ተጉዞ፣ ስልክሽ ላይ የደረሰ ነው። ደቂቃዎች ያለፉበት ሊሆን ይችላል። በ18 ኖት የሚሄድ መርከብ በ5 ደቂቃ 2.8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከባሕር ዳርቻ ሲርቁ ደግሞ ኔትወርኩ ራሱ የለም። እንዲህ ያለ አፕ የሚጠቅመው አንቺን ነው። ትራንስፖንደሩ ከተገጠመ በኋላ ሳቢያን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ «አሁን ሙሻ ደርሷል» ለማለት ይሆናል፤ ያውም ተቀባዩ ከሰማው።

ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ለምን ጨመርኩ? ኤአይኤስ የመርከቡን ስም ይሰጣል። ስም ካወቅሽ መርከቦች ሁሉ በሚያዳምጡት በቻናል 16 ትጠሪዋለሽ። «ከፊትህ ያለው መርከብ» ተብሎ ሲጠራ ማንም አይመልስም፤ አምስት መርከብ እኩል ይሰማዋል። ስሙ ሲጠራ ግን መኮንኑ ይነሳል። 25 ዋት የሆነ፣ ጀልባዋ ላይ የሚገጠም፣ ቀይ የአደጋ ቁልፍ ያለው ግዢ፤ ከ200 ዶላር ጀምሮ ይገኛል። ወንድምሽ እንግሊዝኛው ባይጠነክርም የራሱን ጀልባ ስም፣ ያለበትን ቦታና «ታየኛለህ ወይ?» የሚለውን ቢለማመድ ይበቃዋል። ታዲያ በሬዲዮ «አንተ በዚህ እለፍ፣ እኔ በዚህ» እያለ ክርክር እንዳይገባ ንገሪው። ሲነጋገሩ ተግባብተናል ብለው የተጋጩ መርከቦች ጥቂት አይደሉም። መሪውን አስቀድሞ ያዙር፣ ወሬው ይከተላል። ወደ ወደቡ በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ደግሞ ከ20 ሜትር በታች የሆነ ጀልባ ለትልቁ መንገድ መዝጋት የለበትም፤ ደንቡ ይሄንን በግልጽ ነው ያስቀመጠው።

እስካሁን ኤአይኤስን አሞግሼዋለሁ። ጎደሎውንም ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ያ ባሕር ከሌላው ይለያል።

ኤአይኤስ የሚያሳየው መታየት የፈለገውን ብቻ ነው። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ የሚመላለሱት የእንጨት ጀልባዎች አብዛኞቹ የላቸውም። የዓሣ አጥማጁ ፋይበር ጀልባ የለውም። ከኦቦክ በኩል በጨለማ ሰው ጭነው ወደ የመን የሚሻገሩት ጭራሽ መብራትም አያበሩም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ወዲህ ደግሞ ቀይ ባሕርና ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ መርከቦች መጠቃት ሲጀምሩ፣ ባብ ኤል መንደብን የሚያልፉ ትልልቅ መርከቦችም ኤአይኤሳቸውን ማጥፋት ጀመሩ። ጥቃት ፈርተው ነው፣ አይፈረድባቸውም። የጂፒኤስ ማወክም አለ፤ አንዳንዴ መርከቡ የብስ ላይ ቆሞ ይታያል። ስለዚህ ወንድምሽ ስክሪኑ ባዶ ስለሆነ ባሕሩ ባዶ ነው ብሎ እንዳያስብ። በተለይ ወደ ኦቦክ ሲያቀና።

ለዚህ መድኃኒቱ ምንም ብር አያስወጣም። ወንድምሽ ምናልባት ያውቀዋል፣ ግን አንብቢለት። ሌሊት የመርከብ መብራት ሲያይ አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ይበል። አቅጣጫውንም ፍጥነቱንም አይቀይር። መብራቱን ከጀልባዋ አንድ ነገር ጋር ያስተካክለው፣ ከገመድ ማሰሪያው ወይም ከአጥሩ ብረት ጋር። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቅ። መብራቱ ከብረቱ ወደ ፊት ከሄደ መርከቡ በፊቱ ያልፋል። ወደ ኋላ ከቀረ በኋላው ያልፋል። እዚያው ብረቱ ላይ እንደተለጠፈ እያደገ ከመጣ ግን እየተጋጩ ነው። ሌላም አለ። ከ50 ሜትር በላይ የሆነ መርከብ ሁለት ነጭ የምሰሶ መብራት አለው፣ የፊተኛው ዝቅ ያለ፣ የኋለኛው ከፍ ያለ። ሁለቱ ተራርቀው ከታዩ ጎኑን እያሳየ ነው። አንዱ በሌላው አናት ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመና ከሥር ቀዩም አረንጓዴውም አብረው ከታዩ፣ አፍንጫው ቀጥታ ወደሱ ነው። ያኔ ስክሪን ማየት የለም፣ ማዞር ነው።

አሁን አንጸባራቂው። ብረት አንሶላዎች እርስ በርስ ተሰካክተው የተሠራው፣ ስምንት ገጽ ያለው ትልቁ ዓይነት ይሻላል፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ይሁን። ቀጭኗን ቱቦ አትግዢ፤ ርካሽ ናት፣ የምትመልሰውም ያንኑ ያህል ነው። ሲሰቀል በሹሉ ጫፍ ሳይሆን ከላይ ያለው ጎድጓዳ ገጽ ዝናብ እንደሚቀበል ወደ ሰማይ ዞሮ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ይሻላል። ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ኤአይኤሱ ቢበላሽ እንኳ እሱ ባትሪ አይፈልግም።

ራዳሩንስ መቼ? ለትንሽ ጀልባ የሚሆነው ክብ ሽፋን ያለው ራዳር ከነስክሪኑ ካለሽ ገንዘብ በብዙ ይበልጣል። የአሁኖቹ፣ እነ ሬይማሪን፣ ፉሩኖ፣ ሲምራድና ጋርሚን የሚሠሯቸው፣ ብዙ ኃይል አይወስዱም፣ አንዳንዶቹም እየቀረበ የሚመጣውን ነገር በቀለም ይለዩታል። ኤአይኤስ የሌለውን የእንጨት ጀልባ፣ መብራት ያጠፋውን፣ ካምሲን የሚባለው ሞቃት ነፋስ በሚያስነሳው አቧራ ውስጥ የተደበቀውን የሚያሳይ እሱ ነው። ጥቅሙን አልክድም። ግን ራዳር አይቶ መረዳት ትምህርት ይፈልጋል፤ የተገዛ ዕለት የሚነበብ ነገር አይደለም። በ8 ሜትር ጀልባ ላይ ስትናጥ ደግሞ ስዕሉም ይናጣል። ዱባይ ላይ ያገለገለ ርካሽ ራዳር ብታገኝ ጓደኛሽ እንዳትፈተን። የድሮዎቹ ማግኔትሮን የሚባል ዕድሜው የሚያልቅ ክፍል አላቸው። ሳያልቅ ሸጡት ወይስ ካለቀ በኋላ፣ በምን ታውቂያለሽ? ሥራው ገንዘብ ሲያመጣ አዲሱን ግዢ። እስከዚያ ወንድምሽ ሌሊት ፍጥነት ይቀንስ። ስድስት ኖት ላይ ያለ ሰው መብራት የሌለውን ጀልባ አይቶ ለመዞር ጊዜ አለው፣ ሃያ ኖት ላይ የለውም።

ገጠማው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጥሩ ዕቃ የሚበላሸው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ኬብሉ። እዚህ ገበያ ገብተሽ «የአንቴና ኬብል» ካልሽ የሚሰጡሽ የዲሽ ኬብል ነው። እሱ 75 ኦም ነው፣ ሬዲዮው የሚፈልገው 50 ኦም። ቢመሳሰሉም አይሆንም። 50 ኦሙም ቢሆን ቀጭኑ አርጂ-58 በ10 ሜትር ውስጥ ከኃይሉ ሲሶውን ይበላል፤ 5 ዋት አስገብተሽ አንቴናው ላይ 3 ብቻ ይደርሳል። ወፍራሙ አርጂ-213 ከ4 ዋት በላይ ያደርሳል። የኬብሉ ጫፍ በብየዳ ይሠራ፤ ከዚያ ራሱ ላይ የሚጣበቅ የጎማ ፕላስተር ይጠቅለልበት። የጅቡቲ ጨው አንዲት ክፍተት ካገኘ በወራት ውስጥ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። የኤአይኤሱና የሬዲዮው አንቴና ለየብቻ ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ተራርቀው።

ቀጥሎ ባትሪ። በገመድ ተስበው የሚነሱት ባለ 40 ሞተሮች ብዙዎቹ እንደመጡ ባትሪ አይሞሉም። ወንድምሽ የሱ ይሞላ እንደሆነ ይመልከት። ኤአይኤሱ፣ ሬዲዮው በማዳመጥ ላይ ሆኖና የኤልኢዲ መብራቶቹ አንድ ላይ ቢደመሩ ከአንድ አምፔር ትንሽ ቢበልጡ ነው። ለ12 ሰዓት ሌሊት 13 አምፔር ሰዓት ያህል። 50 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪና 50 ዋት የፀሐይ ፓነል ይችለዋል፤ ጅቡቲ ላይ ፀሐይ አይጠፋም። ሞተሩ በባትሪ የሚነሳ ከሆነ ግን ለመሣሪያዎቹ ሌላ ባትሪ ይኑራቸው። ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ይወርድና መሣሪያው ጠፍቶ ይነሳል፣ እንደገና ጂፒኤስ ይፈልጋል።

ሙቀቱን አትርሺ። እነዚህ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ እስከ 55 ዲግሪ ነው የሚችሉት። በተዘጋ የፋይበር ሳጥን ውስጥ፣ በሐምሌ ቀትር፣ ያ ቁጥር በቀላሉ ይታለፋል። ጥላና የአየር መውጫ ይኑረው።

የማንቂያው ድምፅም አለ። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ጩኸት ሁለት ሞተር ባለበት ጀልባ ላይ አይሰማም። ውጭ የሚገጠም ጠንካራ ጩኸት ጨምሩበት። ማስተካከያውን ደግሞ እንደ ቦታው ይቀያይረው። ሰፊው ባሕር ላይ «900 ሜትር ውስጥ የሚገባ፣ 20 ደቂቃ የቀረው» ካለው ይበቃዋል። ወደብ አጠገብ፣ መልሕቅ የጣሉ መርከቦች መካከል፣ በዚያው ልክ ከተወው ሳያቋርጥ ይጮሃል። ወንድምሽ ይሰለችና ያጠፋዋል። ከዚያ ለኦቦክ መንገድ ማብራቱን ይረሳል። ስለዚህ ወደብ ውስጥ ወደ 200 ሜትር ዝቅ ያድርገው እንጂ አያጥፋው።

ከወደብ ሳይነሳም ቀደም ብሎ ያብራው። ቦታው ቶሎ ይተላለፋል፤ የጀልባዋ ስምና ርዝመቷ ግን በየ6 ደቂቃው ነው የሚላከው። እስከዚያ መርከቡ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ ዱባይ። ከዚያ መግዛቱ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የመርከብ ዕቃ ሱቅ ሞልቷል። ግን ወደ ድሬ አታምጪው። የሚያስተላልፍ ሬዲዮ ነው፣ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ጉምሩክ ላይ ተይዞ መልሰሽ ወደ ጅቡቲ ልታሻግሪው ምን አደከመሽ? ቀጥታ ጅቡቲ ይግባ።

ከመግዛትሽ በፊት ግን መለያ ቁጥሩን አውጡ። ኤምኤምኤስአይ ይባላል፣ ዘጠኝ አኃዝ ነው። የሚሰጠው ጀልባዋ የተመዘገበችበት አገር ነው። የጅቡቲ ጀልባ ቁጥር በ621 ይጀምራል፣ የኢትዮጵያ በ624። ወንድምሽ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ በ624 ይሁን የሚል ሰው ካለ አትስሚው፤ ቁጥሩ የጀልባዋን ባንዲራ እንጂ የሰውየውን ፓስፖርት አይከተልም። የሌላ ጀልባ ቁጥር መዋስም የለም፤ አደጋ ቀን ፍለጋው የሚወጣው ለሌላ ሰው ነው። ቁጥሩ ሬዲዮውም ውስጥ ያው ራሱ ይገባል። ትራንስፖንደሩ ላይ ብዙ ጊዜ አንዴ ከገባ አይቀየርም፤ ለማስተካከል ወደ ሻጩ ወይም ወደ አምራቹ መመለስ አለበት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነማ ሻጩ ካልሆነ ማንም እንዲያስገባው አይፈቀድም። ስለዚህ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ እጅሽ ሳይገባ ጓደኛሽ ሱቅ አትግባ። ስትገባም ቁጥሩን፣ የጀልባዋን ስም፣ ርዝመቷንና ስፋቷን ይዛ ትሂድና እዚያው አስሞልታ፣ አብርታ አይታ ትረከበው።